ለአባቴ የሆድ ሐኪም ፍለጋ

ለአባቴ የሆድ ሐኪም ፍለጋ አዲስ አበባን ያካለልኩት ንጉሡ በወረዱ ሰሞን ነው። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

አባቴ ከመካነ ሰላም ደሴ በጭነት መኪና፣ ከደሴ አዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ። የበላው አይረጋለትም፣ ያስመልሰዋል፤ ቁርጠቱ ሲነሳበት ሆዱን በሁለት እጁ ይዞ ይጎብጣል። እኔ ያኔ አዲስ አበባ የአንድ መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ። ከተማውን አውቃለሁ፣ ሰው አውቃለሁ ብዬ ነው ያስመጣሁት። ምን ያደርጋል፣ የማውቀው ለካ የውጭውን በር ብቻ ኖሯል።

የመጀመሪያው ሆስፒታል ካርድ ክፍል ያለው ሰውዬ «ከየት ነው?» አለኝ። «ከወሎ» አልኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

«ይኼማ ረሃብ ነው። መጠለያ ውሰደው።»

ሁለተኛውም ሆስፒታል እንደዚያው አሉን። ወሎዬ ሌላ በሽታ የሚታመም አይመስላቸውም። ስለ ተራበው ሕዝብ በየአደባባዩ ሲጮህ የሚውል ከተማ፣ ያው ሕዝብ ደጁ ሲቆም በጣቱ ሌላ ቦታ ያሳየዋል!

አባቴን ከቁርጠቱ ይልቅ ያንገበገበው ይኸ ነበር። በእኛ አገር ሰው ጦሙን ያድራል እንጂ ለባዳ «ራበኝ» አይልም።

በሦስተኛው ሳምንት፣ በስንት ደጅ ጥናት፣ አንድ የጨጓራና የአንጀት ስፔሻሊስት ዘንድ ገባን። ዶክተሩ በዕድሜ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። እሱ አባቴን «አንተ» ይለዋል፤ አባቴ እሱን «እርስዎ» ይላል።

«አገርህ ምን ምን ትበላለህ?»

አባቴ ጋቢውን አስተካከለ። «ተመስገን ጌታዬ፣ ሁሉ በደጄ ነው። ጤፉ፣ ሥጋው፣ ቅቤው፣ ምን ይጠፋል።»

ቅጥፈት! ከቤቱ እስኪወጣ ድረስ የሚበላው በቀን አንድ እፍኝ ቆሎና የተቀቀለ የዱር ቅጠል ነበር። አውቃለሁ። አባትን በባዳ ፊት «ዋሽተሃል» ማለት ግን አላደግሁበትም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። የተደበቀውን ገልጦ ማየትስ የማን ሥራ ነበር? ያ ዶክተር ጋቢውን አስወልቆ የጎድን አጥንቱን ቢያይ ውሸቱ ወዲያው ይታወቅ ነበር። አላየም። ቅባት እንዲተው፣ ሥጋ እንዲቀንስ ጽፎ ሰጠንና ቀጣዩን በሽተኛ ጠራ።

ስንወጣ የአባቴ ፊት በርቷል።

«አብሽር ልጄ፣ ይኸኛው እንኳ እንደ ሰው ቆጠረኝ።»

«ተመልሰን እውነቱን እንንገረው» አልኩት።

«በሞቴ!» አለኝ። እኔም ቃሉን ሰምቼ ተውኩት። በዶክተሩ የተናደድኩትን ያህል በራሴም እናደዳለሁ።

ይዤው አገር ገባሁ። ከዚያ በኋላ የኖረው ሁለት ወር ነው። በገባን ማግስት ጎረቤቶች ሊጠይቁት መጡ። «ሐኪሙ ምን አለዎት?» አሉት።

«ቅቤ ከለከለኝ» አላቸው፣ ቀና ብሎ።

ማንም አልሳቀም። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ላማችን ከሞተች ዓመት አልፏት ነበር።