ጨው ተብሎ የተጻፈው ጠርሙስ

አሞሌ ጨው ከኮረም ወደ ሰቆጣ በበቅሎ በማመላልስበት ዘመን ከተማው መግቢያ ላይ አንድ የኬላ ሹም ነበር። ሥራው ጨው መቅመስ ነው። መቅመስ ማለት ደግሞ ከእያንዳንዱ አሞሌ ጫፍ መሸረፍ፣ አንዷን ፍርፋሪ ምላስ ላይ ጣል ማድረግ፣ የቀረውን ኪስ መክተት። የሱ ጓዳ ከእኔ መጋዘን የበለጠ ጨው ሳይኖረው አይቀርም፤ ያውም ሁሉንም ዓይነት።

ሌላው ምላሰኛ ከመሀል አገር ተመድቦ የመጣው የሳይንስ አስተማሪ ነበር። አስመራ ያለ ወዳጁ የላከለትን ዕቃ ከኮረም እንዳመጣለት ጠየቀኝ። ሬኒየም ክሎራይድ ይባላል አለ። ሬኒየም ከወርቅ ይልቅ ብርቅ የሆነ ብረት ነው፤ ከክሎሪን ጋር ሲዋሐድ ጠቆር ያለ ቡናማ ዱቄት ይሆናል፤ እርጥብ አየር ካገኘው ይጨሳል፣ አሲድ ያወጣል፣ ሥጋ ያቃጥላል። ስለዚህ ከታሸገበት ጠርሙስ አይወጣም። ለጉብኝት የሚመጣውን የትምህርት ተቆጣጣሪ ሊያስደንቅበት ነበር። እርጥበት የማይወድ ዕቃ በሰኔ ዝናብ የሚያስመጣ ሰው ምን ተምሮ እንደሆነ አልጠየቅሁትም፤ ጨዋ ነኝ።

ለኬላው ይሁንህ ብሎ ወረቀት ጻፈልኝ፤ «የሬኒየም ጨው» ይላል። ለምን ጨው ይባላል ብዬ ብጠይቀው፣ በሳይንስ እንዲህ ያለው ሁሉ ጨው መሆኑን ጣሪያ ጣሪያውን እያየ አስረዳኝ። ዕድሜዬን ከጨው ጋር የኖርኩት እኔ ነኝ፣ የሚያስረዳው እሱ ነው።

ጠርሙሱን በገለባና በአጎዛ ጠቅልዬ ከአሞሌው መሀል ሸጉጬ አመጣሁት። ኬላው ስደርስ ጭጋጉ የበቅሎዋን ጆሮ ሳይቀር ሸፍኖታል። ሹሙ ወረቀቱን ፊደል በፊደል አነበበና ጠርሙሱን አስወጣኝ።

«ይሄንንስ አልቀምሰውም?»

«ጌታው፣ ይሄ የሚቀመስ አይደለም። ምላስ ይበላል።»

«ጽሑፉ ጨው ነው የሚለው።»

«እሱማ አስተማሪው ጽፎት ነው እንጂ...»

«ታዲያ ከአስተማሪ አንተ ልትበልጥ ነው? ደግሞ ለምላሴ ማሰብ የጀመርከው ከመቼ ወዲህ ነው?»

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ያንን ምላስ ስንቴ ረግሜዋለሁ።

ማሸጊያውን በቢላ ሰበረው። ነጭ ጭስ ብን አለ፤ የሚሰነፍጥ ሽታ ሁለታችንንም አሳለን። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ይበቃው ነበር። እሱ ግን የነጋዴ ተንኮል መስሎት ጣቱን በምራቁ አርጥቦ ዱቄቱ ውስጥ ነከረ። ዝም ብል የሰቆጣ ጨው ነጋዴ በሙሉ ይመርቀኝ ነበር። ጣቱ ከንፈሩ ሊደርስ ሲል ክንዱን የበቅሎ መንጃ ዱላዬን አቀመስኩት። ጠርሙሱ ጭቃው ላይ ወድቆ ተንጨረጨረ። እጁን ይዤ በኮዳዬ ውሃ አጠብኩለት፤ የጣቱ ቆዳ ነጭ ሆኖ ተላጠ። ምላሱ ደህና ስለነበር እስኪደክመው ሰደበኝ።

ከዚያ ወደ አስተማሪው ሄጄ የሆነውን ሁሉ ነገርኩት። ስለ ሰውየው ጣት አንድ ቃል አልጠየቀም፤ ከጠርሙሱ ግርጌ የተረፈች ቅንጣት እንኳ እንዳለች ነው የጠየቀኝ። የለችም አልኩት። ራሱን ያዘና፣

«አንተስ፣ የሚበላ ጨው አይደለም አትለውም ነበር?» አለኝ።

«እሱንም ይጻፉልኝና ልንገረው» አልኩት።