የጀርመኑ ጄኔራልና የእኔ እጅ ጽሑፍ

በደርግ ዘመን በቁሐር ሚካኤል የገበሬ ማኅበሩ ጸሐፊም የመሠረተ ትምህርት አስተማሪም እኔ ነበርኩ። ከወረታ እስከ ሐሙሲት እንደ እኔ አሳምሮ የሚጽፍ አልነበረም፤ ይህን ስል አላፍርም።

አንድ ክረምት ለብሔራዊ ውትድርና አምስት ወጣት መልምሉ ተባልን። ሊቀ መንበሩ ሲጨነቅ መላውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ጥማድ በሬ ያለው ቤት ልጁ ከሄደበት ሩዙ ሳይዘራ ይቀራል፤ ስለዚህ በሬ ከሌለው ቤት እንጀምር አልኩ። ሁሉም ደስ አለው። የሸክላ ሠሪዋ አንድያ ልጅ ስም ከሁሉ በላይ ተጻፈ። እነሱ ቤት በሬ ታስሮ አያውቅም።

ምልምሎቹን የሚወስደው መኪና ቅዳሜ ሊመጣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጎልማሶቹን አስተምር ነበር። ፊደል ካስቆጠርኩ በኋላ ከታሪክ መጽሐፍ ያነበብኩትን ማውራት እወዳለሁ። የዚያን ቀን ያወራሁት ስለ አንድ ጀርመናዊ ጄኔራል ነው። ከተራ መኮንንነት ተነስቶ ሠራዊት እስከ ማዘዝ ደረሰ፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ግን ፍርድ ቤት አቆሙት። ከላይ የመጣውን ትእዛዝ ፈርሜ አሳለፍኩ እንጂ በእጄ ማንንም አልነካሁም ብሎ ተከራከረ።

ሸክላ ሠሪዋ ከኋላ እጃቸውን አነሱ። ጭቃው ከጣታቸው ገና አልለቀቀም ነበር።

«ታዲያ ለቀቁት?»

«ኧረ እማማ! ፈረዱበት እንጂ። ፊርማው እኮ የራሱ ነው፤ ምን አፍ አለው?»

«ደግ አደረጉ» አሉ። ቀጥለውም፣ «የእኔን ልጅ ስም የጻፈው ማነው ልጄ?» ሲሉ ጠየቁኝ።

አፈርኩ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ትምህርቱን በትኜ ወደ ጽሕፈት ቤት ሄድኩ፤ ዝርዝሩን ከመሳቢያ አውጥቼ የልጁን ስም ሰረዝኩት። ሊቀ መንበሩ አጠገቤ ቆሞ ያያል፤ አልተቆጣም።

«ይሁን፤ አምስት ግን መሙላት አለበት። በሬ ከሌለው ቤት በሱ ፋንታ ማንን ትጽፋለህ?»

በሬ የሌለው አንድ ቤት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የእኛ ቤት። አባቴ ቄስ ናቸው፣ መሬታቸውን የሚያርሱት ሌሎች ናቸው። ዕድሜዬም ከሸክላ ሠሪዋ ልጅ ጋር እኩል ነው።

የተሰረዘ ወረቀት ወደ ወረዳ አይላክም። ዝርዝሩን በአዲስ ወረቀት ገለበጥኩት። የልጁን ስም እንደገና ከሁሉ በላይ አሳምሬ ጻፍኩ።