ደረጃ የማትወጣ ተሳፋሪ

በልጅነቴ የያዘኝ ፖሊዮ ቀኝ እግሬን ስላሰለለው የምሄደው በክራንች ነው። ዘመሮ ከተማ አስተማሪ ሆኜ ከተመደብኩ ጀምሮ ወደ ደብረ ብርሃን ለመሄድ ካሰብኩ ከዋዜማው አንስቶ ውሃ አልቀምስም ነበር። መኪና የምንቀይርበት መናኸሪያ ሽንት ቤቱ ረጅም ደረጃ አናት ላይ ነው፤ መደገፊያ ብረት እንኳ የለውም።

በኋላ ኩላሊቴን አመመኝ። ሐኪሙ «ውሃ ጠጪ» ሲለኝ እልህ ያዘኝና በሚቀጥለው ጉዞ ጠጥቼ ወጣሁ።

መናኸሪያው ስደርስ ዘንቦ ደረጃው ጭቃ በጭቃ ሆኗል። ጥበቃው «ልሸከምሽ?» አለኝ። ሰውየው ክፋት የለውም።

«አመሰግናለሁ፣ አልፈልግም» ብዬ ቀጥታ ወደ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ሽምግል ያሉ ሰው ናቸው።

«ሽንት ቤት የት ልሂድ?» አልኳቸው።

«ያው እዚያ ነዋ!» በመስኮት አሳዩኝ። ከዚያ ክራንቼን አዩና «ለሚቀጥለው በጀት እናስብበታለን» አሉ።

«እስከዚያ ይዤው ልቆይ?»

ጠረጴዛቸው ላይ ያለውን ወረቀት ማገላበጥ ጀመሩ።

«እንግዲያው ባልዲ ያስመጡልኝና እዚሁ እጠቀማለሁ። እርስዎ ውጭ ይቆዩ።»

የምቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እኔ ክራንቼን ግድግዳው ላይ አስደግፌ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ለካ መቋሚያ የተደገፉ አንዲት እማሆይ በሩ ላይ ቆመው ይሰሙ ኖሯል።

«ልጄ፣ ስትጨርሺ ተረኛዋ እኔ ነኝ» አሉ። ጉልበታቸው ደረጃ አልወጣ ብሏቸው ጠዋቱን ሙሉ ታግሰው ነበር የቆዩት።

ኃላፊው መሳቢያቸውን ከፍተው ቁልፍ አወጡ። ከቢሮው ጀርባ፣ ደረጃ የሌለው የሠራተኞች ሽንት ቤት አለ! እዚያው፣ አፍንጫችን ሥር! ንዴቴን ዋጥ አድርጌ እማሆይን አስቀደምኩ።

ስንመለስ ኃላፊው «ከእንግዲህ ስትመጪ ቁልፉን ከእኔ ውሰጂ» አሉኝ፣ ውለታ እንደዋለ ሰው።

«አልወስድም። ሰው ሽንቱ በመጣ ቁጥር እርስዎን ማስፈቀድ አለበት? ቁልፉ ይነሳ።»

«ሕግ አለ'ኮ፣ እህቴ።»

«እኔም አለሁ።»

በሚቀጥለው ጊዜ ስሄድ በሩ እንደተቆለፈ ነው። እንደገና ቢሮአቸው ገብቼ ያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፤ ባለጉዳዮቹ እያዩ ባልዲዬን ጠየቅኩ። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ ቁልፍ አላየሁም። ነፍሰ ጡሯም፣ ሽማግሌውም፣ ልጅ ያዘለችዋም ይገቡበታል።

አሁን ኃላፊው ከሩቅ ሲያዩኝ «ያቺ ሴትዮ ደግሞ መጣች» ይላሉ አሉ። ይበሉ። ስለ አውቶቡሱ ረጅም መወጣጫ ገና አልተነጋገርንም።