ለእህቴ የሰጠኋት ቆሎ

ልጄ ባሏን ለሕክምና ህንድ አገር ወስዳው ባለፈው ሰኔ ተመለሱ። ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት፤ ትንሿን ይዛ ስትሄድ ትልቋን ማርታን ፈተና አለባት ብላ እዚህ ፍኖተ ሰላም እኔ ዘንድ ተወቻት። ሲመለሱ ቤቴ ተሰብስበን የስልኩን ፎቶ ስናይ ዋልን። የመጨረሻዋን ቀን የሂንዱዎችን ቤተ መቅደሶች ሲዞሩ ነው የዋሉት። ጫማቸውን ደጅ አውልቀው በነጭ ድንጋይ ላይ ቆመዋል፤ ትንሿ የብጫ አበባ ጉንጉን አንገቷ ላይ አጥልቃ ትስቃለች። እኔ "እነሱም እንደኛ ጫማ ያወልቃሉ?" ብዬ ስገረም፣ ማርታ ስልኩን ለእናቷ መለሰችና፣

"አበባው ይደርቃል" አለች።

ሌሎቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያንን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ በአሥራ ሦስት ዓመቴ የኔ ነበር።

ታናሽ እህቴ ዓለሚቱ ግራ ጆሮዋ መግል ይቋጥር ነበር። ሲያማት ቤቱ በሙሉ አብሯት ይታመማል። ቅቤው ለሷ፣ የአባቴ ጋቢ ለሷ፣ የእናቴ ጭን ለሷ። እኔ ጤነኛ ነበርኩ፤ በኛ ቤት ጤነኛ መሆን ማለት ደግሞ ውኃ ቅጅ፣ እንጨት ልቀሚ ማለት ነው። አንዳንዴ እኔም ጆሮዬን ይዤ "ወይኔ!" እል ነበር። እናቴ ቀና ብላ ታየኝና፣ "አንች ደግሞ ምን ሆንሽ? በይ እሳቱን አያይዥው" ትለኛለች።

በጥቅምት ማለቂያ፣ እህሉ ለአጨዳ ሳይደርስ፣ አባቴ ከጎረቤት በቅሎ ተውሶ ሰከላ አጎቴ ቤት ሄድን። ስሙ ዘመድ ጥየቃ ነው፤ እውነቱ ግን ዓለሚቱን ግሽ ዓባይ ጠበል ለማድረስ ነበር። ኑጉ አብቦ መንገዱ ግራና ቀኙ ብጫ ሆኗል። ዓለሚቱ ከበቅሎዋ ላይ ሆና፣ "እትየ፣ እይው! ምድር ላይ ማር የፈሰሰ ይመስላል" ትለኛለች። እኔ ከኋላ ሆኜ የማየው የበቅሎዋን ጭራ ነው።

"አባየ፣ ለኔ ተራ አይደርሰኝም?" አልኩት።

"እግርሽ ደህና አይደል?"

"የሷስ የታመመው ጆሮዋ አይደል? በጆሮዋ ነው እንዴ የምትሄደው?"

አባቴ ሳቁን ዋጥ አድርጎ "ምላስሽን ሰብስቢ" አለኝ። ተራው ግን አልደረሰኝም። በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ድረስ እውነቱ ከኔ ጋር ነበር እላለሁ።

ሳምንት ቆየን። የአጎቴ ሚስት ማር ስታቀርብ ወለላው ለዓለሚቱ፣ ሰፈፉ ለኔ። ሰፈፉን እያኘክሁ ወለላው ከንፈሯ ላይ ሲያብረቀርቅ አየው ነበር። ቅናት የሚባለውን ነገር ያኔ ስሙን አላውቀውም። በደል ይመስለኝ ነበር።

የመጨረሻዋ ቀን ቤተ ክርስቲያን የምንሳለምባት ቀን ነበረች። በማግስቱ አባቴ በቅሎዋን መመለስ አለበት፤ አጨዳውም ይጠብቀዋል። ስለዚህ ማለዳ ወጥተን ሁለት ደብር ተሳልመን ረፋዱ ላይ ጠበሉ ዘንድ ልንደርስ ተቆረጠ። እናቴ ማታውን አስጠንቅቃናለች፤ እህል የቀመሰ ሰው ጠበሉ ዘንድ አይቀርብም።

ጠዋቱ ብርዳም ነበር። ሣሩ ላይ ያለው ጤዛ እግር ይቆርጣል። በሁለተኛው ደብር ቅጥር ውስጥ አንዲት የማናውቃቸው መነኩሲት ወደ ዓለሚቱ መጡና ራሷን ዳብሰው፣ "ይህችስ የተባረከች ልጅ ናት" አሉ። እኔ አጠገቧ ነበርኩ። እጃቸው ወደኔ ይመጣል ብዬ አንገቴን ዝቅ አድርጌ ጠበቅሁ። አልፈውኝ ሄዱ።

ትላልቆቹ ከደብሩ አለቃ ጋር ሲነጋገሩ እኔና ዓለሚቱ ከወይራው ሥር ተቀመጥን። "እትየ፣ ራበኝ" አለችኝ።

የአጎቴ ሚስት ከጠበሉ በኋላ እንድንበላው የሰጠችኝን የገብስ ቆሎ በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ ይዤ ነበር። ያን ጊዜ ያሰብኩትን ዛሬም አልረሳሁትም። ጠበሉን እኔ ጠጥቼ እሷ ካልጠጣች፣ እሷ የሌላት አንድ ነገር ይኖረኛል ብዬ ነው ያሰብኩት። ቋጠሮውን ፈታሁና፣

"ትንሽ ቅመሽ። መቅመስ መብላት አይደለም" አልኳት።

አመነችኝ። ዓይኗን ጨፍና በደህናው ጆሮዋ በኩል አኘከችው።

ጠበሉ ዘንድ ስንደርስ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል። "እህል የቀመሰ አለ?" አሉ። እኔ "አልቀመስኩም አባ" አልኩ። አልዋሸሁም። ዓለሚቱ ግን አሰብ አደረገችና፣

"እኔ አልበላሁም አባ፤ ቀምሻለሁ እንጂ" አለች።

ተሰልፎ የቆመው ሰው ሳቀ። ቄሱ አልሳቁም። "ልጄ፣ በዚህ ደጅ ሁለቱም አንድ ናቸው። ነገ ነይ።"

እናቴ "ነገማ የለንም፣ አባ" አለች። ድምፅዋ ሲሰበር ሰማሁት። አባቴ ወደ ዓለሚቱ ዞሮ "ማን ሰጠሽ?" አላት። አየችኝ።

"ማንም። ራሴ ነኝ ከቤት የያዝኩት" አለች።

እኔ ግን ገብቼ ጠጣሁ። ውኃው ጥርስ ይነቅላል። ስወጣ እናቴ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ዓለሚቱን አቅፋታለች፤ ጠበሉን ጠጥቼም ጭኑ የሷ ነበር። አጎቴም "ቢሆንም እውነቱን ተናገረች፤ እንዲህ ያለች ልጅ ትደግልን" አለ። ጥፋቴን ሳይቀር ወስዳ ተመሰገነችበት።

"ለከርሞ" ተባለ። ለከርሞ አባቴ ታመመ፤ ከዚያ ወዲያ ያ መንገድ ተረሳ። ጆሮዋም ቀስ በቀስ ደነቆረ። ጠበሉ ያድናት ነበር ወይ? እሱን እግዜር ያውቃል። እኔ የማውቀው ተራዋን እንደወሰድኩባት ነው፤ ያውም ስለ በቅሎ ተራ ያን ያህል የጮህኩት እኔ።

ዓለሚቱ ዛሬ ቡሬ ነው የምትኖረው። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ይህንኑ ታወራለች። "ያን ቀን የራበኝን ያወቀችልኝ እህቴ ብቻ ነበረች። አዝናልኝ ነውና እንዴት ላጋልጣት?" ትላለች። ልጆቻችን በፍቅር ያዩኛል። እኔ ሁልጊዜ በግራዋ፣ በማይሰማው ጆሮዋ በኩል ነው የምቀመጠው።

ፎቶውን ባየን በማግስቱ በሚኒባስ ቡሬ ሄድኩ። ምስር እየለቀመች አገኘኋትና በቀኟ ተቀመጥኩ።

"ምነው ዛሬ ወንበር ለወጥሽ?" አለችኝ።

"ዓለሚቱ፣ ያን ቆሎ አዝኜልሽ አይደለም የሰጠሁሽ። ጠበሉ እንዳይደርስሽ ብዬ ነው። ቀንቼብሽ ነበር።"

እጇ ምስሩ ላይ ቆመ።

"እኔ ያንን ምን አውቄ፤" አለች፣ "ርቦኝ ነበር፣ በላሁ።" ቀጥላም፣ "አንችስ? ውኃው ጣፈጠሽ?"

"አልጣፈጠኝም።"

"እንግዲያ የኔው ይሻል ነበር" ብላ ሳቀች፤ ምስሯንም መልቀም ቀጠለች።

ለልጄ ነግሬያታለሁ፤ ለሚቀጥለው የሐኪም ቀጠሮ ስትሄዱ ተራው የማርታ ነው፣ ፈተና ቢኖርባትም ባይኖርባትም። እኔ ግን ከቡሬ ስመለስ ሸክሜን ያራገፍኩ መስሎኝ ሚኒባሱ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩ፤ አልቀለለኝም። ስድሳ ዓመት ያጎበጠኝን ነገር እሷ አንድ ቀን እንኳ ተሸክማው አታውቅም። እንደዚያ ያለ ልብ ለሷ ሲሰጥ እኔ የት ነበርኩ? እንደገና ቀናሁባት።