ፈርሷል ያልኩት ቤት

ልጆቼን ያሳደግኳቸው ውሸትን እንዲጸየፉ አድርጌ ነው። እኔም ትምህርት ቤት ሳልገባ በራሴ ማንበብ የተማርኩት ማንም እንዳያታልለኝ ብዬ ነበር። ያም ሆኖ ባለፈው የፋሲካ ሰሞን፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በራሴ ደጃፍ ቆሜ ዋሸሁ።

አቃቂ በሰቃ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለው ሰፈራችን አቧራ የለበሰ መኪና መጥቶ ቆመ። ባልና ሚስት ከትንሽ ሴት ልጃቸው ጋር ከድሬዳዋ ወደ ባሕር ዳር እየተጓዙ ነበር። ባልየው ወርዶ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለኝና፣ ያ ስመ ጥር አኮርዲዮን ተጫዋች የተወለደበትን ቤት እንዳሳየው ለመነኝ። ፈጣኑን መንገድ ትተው በአሮጌው የመጡት ለዚሁ ሲሉ ነበር።

ያ ቤት ከኔ ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራል። እናቱ እዚያው አሉ። ልጃቸውን ከቀበሩ ወዲህ በራቸውን ገርበብ አድርገው የሚውሉት፣ ስሙን የሚያነሳ ሰው አንድ ቀን ቢመጣ ብለው መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ።

«ፈርሷል» አልኩት። «ለመንገድ ተብሎ ፈርሷል። ቤተሰቡም የት እንደገባ አይታወቅም።»

ዘፈን ሥራ ፈትነት ነው፣ ለዚህ ተብሎ አገር አይቋረጥም ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ዕድሜዬን በሙሉ ፋብሪካ ውስጥ ሠርቼ፣ ልጆች በሥርዓት አሳድጌ፣ ቤቴን ፈልጎ የመጣ መኪና የለም። ማታ ሳነብ እየረበሸኝ ግድግዳውን ደብድቤ ዝም በል እለው የነበረው ጎረምሳ ግን ሞቶም ይፈለጋል። ቀናሁ።

የሽማግሌ ቃል ነውና አልተጠራጠሩኝም። ማዶ ያለውን ፍርስራሽ የሞላበት ባዶ ቦታ አሳየኋቸው፤ ፎቶ ተነሱ። ልጅቷ ፍርስራሹ ላይ ወጥታ ከዜማዎቹ አንዱን አንጎራጎረች። ሊሄዱ ሲሉ ሚስትየዋ አንድ ፌስታል ብርቱካን ሰጠችኝና፣ «አባቴ፣ ከዘመዶቹ ሰው ካገኙ ይስጡልን» አለችኝ።

ባዶ እጄን ትተውኝ ቢሆን ኖሮ ዝም ብዬ እቀር ነበር። ብርቱካኑ ግን ቤቴ አድሮ ሽታው እንቅልፍ ነሳኝ። ጠዋት ይዤው ገባሁና ለእናቱ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው።

ቀና ብለው ጣሪያቸውን አዩ። «ፈርሷል አልካቸው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

ከዚያ ልጅ ይዘው እንደነበር ጠየቁኝ። ልጅቷ ማንጎራጎሯን ስነግራቸው የትኛውን እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። አላውቀውም ብል ሁለተኛ ውሸት ይሆናል፤ በግድግዳው በኩል ስንት ዓመት ሰምቼዋለሁ። አንገቴን ደፍቼ፣ በዚህ ሻካራ ድምፄ እስከ መጨረሻው አንጎራጎርኩላቸው።

«ያኔም ግድግዳውን ስትደበድብ ምቱን አትስትም ነበር» አሉኝ። «ልጄ ይስቅ ነበር።»

አንድ ብርቱካን ልጠው ግማሹን ሰጡኝ።

ከዚያ ወዲህ ከሰዓት በኋላ አስፋልቱ ዳር እቀመጣለሁ። መኪና ፍጥነቱን በቀነሰ ቁጥር ብድግ እላለሁ። እስካሁን ያናገረኝ ወደ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም መሄጃው የጠፋበት አንድ ሹፌር ብቻ ነው።