በባዶ ሳጥን ይመጡ የነበሩ ወረቀቶች

ይህ የገጠመኝ መቂ ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ ነው። ዛሬ አዳማ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ ባዶ የቲማቲም ሳጥን የጫነ አይሱዙ ባለፈ ቁጥር ግን ልቤ ወደዚያ ዘመን ይመለሳል።

አባቴ ቲማቲም ያመርት ነበር። ጭነቱን ወደ አዲስ አበባ የሚወስዱት ጋሽ ታደሰ የሚባሉ ሹፌር ነበሩ። አንድ ቀን ሳጥን ላይ ተቀምጬ ሳጠና አዩኝ።

"አካም ጅርታ፣ ተማሪዋ? ስንተኛ ክፍል ነሽ?"

"ዘጠነኛ።"

"የኔ ልጅ አስረኛ ናት፤ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያው ከአሁኑ እየተዘጋጀች ነው። አንቺም ጀምሪ። ኋላ ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ እንዳይሆንብሽ።"

በሳምንቱ ከአዲስ አበባ ሲመለሱ ከባዶዎቹ ሳጥኖች በአንዱ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለ ወረቀት አመጡልኝ። ልጃቸው ሠርታ የጨረሰቻቸው የድሮ ፈተናዎች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ መኪናው ወረቀት ሳይዝልኝ ተመልሶ አያውቅም።

ልጅቷ በተሳሳተችበት ሁሉ ጠርዙ ላይ በእርሳስ "እዚህ ጋ ተሸውጃለሁ" ብላ ትጽፋለች። እኔ ደግሞ ክፉ አመል ነበረብኝ፤ ስህተቷን ሳገኝ ደስ ይለኛል። "የአዲስ አበባ ልጅ ሆና ይሄም ይከብዳታል?" እያልኩ እስቅባት ነበር። ስሟን እንኳ አልጠየቅኩም።

አስራ ሁለተኛ ክፍል ልጀምር ስል ጋሽ ታደሰ አንድ ሳጥን ሙሉ ወረቀት አወረዱ። ፊታቸው ጠቁሯል።

"ሁሉንም ውሰጂው። ሂሩት አላለፈችም። ሁለተኛ ደብተር አላይም ብላለች።"

እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። እኔ የማልሳሳተው እሷ ቀድማ ስለተሳሳተችልኝ ነበር።

ወረቀቱን መልሼ ሳጥኑ ውስጥ አስገባሁት፤ የራሴንም ማስታወሻዎችና የሠራኋቸውን ጥያቄዎች ጨመርኩበት። ከላይ "ሂሩት፣ የማውቀውን ያወቅኩት ከአንቺ ስህተት ነው። እባክሽ ዘንድሮ አብረን እንፈተን" ብዬ ጻፍኩ። ጋሽ ታደሰ ጋቢና አስቀምጠውት ሄዱ።

አንድ ወር ያህል ምንም አልመጣም። ተስፋ ቆርጬ ነበር። ከዚያ አንዲት ወረቀት ብቻ መጣች፤ እኔ በሠራሁት ጥያቄ ጠርዝ ላይ፣ በዚያው በማውቀው የእጅ ጽሑፍ፦

"እዚህ ጋ ደግሞ አንቺ ተሸውደሻል።"

ሳጥኑ ላይ ቁጭ ብዬ እየሳቅኩ አለቀስኩ። ሂሩት ወደ ጥናቷ ተመልሳለች ማለት ነው።

በዓመቱ እሷ በግል፣ እኔ ከትምህርት ቤቴ ተፈተንን። ሁለታችንም አለፍን።

ያቺ ወረቀት እስከ ዛሬ አብራኝ አለች። ተማሪዎቼ በጓደኛቸው ስህተት ሲስቁ አምርሬ እቆጣለሁ። የምቆጣው ግን ያቺን ሳጥን ላይ የተቀመጠችውን የመቂ ልጅ ነው። ደግሞም ትናፍቀኛለች።