የአይቀዴ ጆሮ

ስፒከር የሚያረጀው በመጮህ ብቻ አይደለም፤ ዝም ብሎ በመቀመጥም ያረጃል። እየተርገበገበ ድምፅ በሚሰጠው ወረቀት ዙሪያ ያለው የስፖንጅ ጠርዝ፣ ሙዚቃ ቢከፈትበትም ባይከፈትበትም፣ መደርደሪያ ላይ እንዳለ ይበሰብሳል። ከሩቅ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ሲነኩት ግን እንደ ጥቀርሻ ጣት ላይ ይቀራል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ስፒከሩን በጨርቅ ይጠቀልልና አሮጌ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሕንፃ ምድር ቤት ይወርዳል።

በምድር ቤቱ መተላለፊያ ግራና ቀኝ የጠጋኞች ሱቆች ተደርድረዋል። ከሁሉም የቆየው ደረጃው ሥር ያለው ነው። ጣሪያው የደረጃው ሆድ ስለሆነ ባለቤቱ ጎንበስ ብሎ ይገባል፤ ከላይ ሰው በወጣና በወረደ ቁጥር አቧራ ይራገፍበታል። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቅ ደንበኛ ጥቂት ነው። ሁሉም የሚጠራው "አይቀዴ" እያለ ነው።

ስሙ የወጣው ከአሠራሩ ነው። የበሰበሰው ስፖንጅ ተፍቆ ይነሳል፤ የቀረው ሙጫ በአልኮል ይጸዳል፤ አዲሱ የስፖንጅ ቀለበት መጀመሪያ ከወረቀቱ፣ ቀጥሎ ከብረት ክፈፉ ጋር ይጣበቃል። እስከዚህ ድረስ ትዕግሥት ያለው ሁሉ ይሠራዋል። ጣጣው ከወረቀቱ ጀርባ ነው። እዚያ ያለው የመዳብ ጥቅልል ማግኔቱ ውስጥ ባለች ቀጭን ክፍተት ወጣ ገባ ይላል፤ ግድግዳውን መንካት የለበትም። ሙጫው ሳይደርቅ ወረቀቱ በፀጉር ስፋት ወደ አንድ ጎን ካዘነበለ ጥቅልሉ ይፋቃል፤ ድምፁም የሻከረ ይሆናል። ሌሎቹ ጠጋኞች ይህን ለማስቀረት ወረቀቱ መሀል ያለችውን ክብ ቆብ በምላጭ ይቀድዱና፣ ከአሮጌ የራጅ ፊልም የቆረጧቸውን ቀጫጭን ቁራጮች በክፍተቱ ዙሪያ ይሰካሉ። ሙጫው ሲደርቅ ፊልሙን ነቅለው ቆቡን መልሰው ይለጥፉታል። ሥራው አስተማማኝ ነው። ቆቡ ላይ ግን ጠባሳ ይቀራል።

አይቀዴ ቆብ ቀዶ አያውቅም ነበር። አራት ጣቶቹን ወረቀቱ ላይ ያሳርፋል፤ ቀስ አድርጎ ይጫናል፤ ይለቃል፤ ጆሮውን ያስጠጋል። ከተፋቀ ጠርዙን በጥፍሩ ትንሽ ገፋ ያደርግና እንደገና ይጫናል። ጥቅልሉ ጸጥ ሲል ቀና ብሎ "ተቀመጠ" ይላል። ስሙን ያወጡለት ጎረቤቶቹ ለሹፈት ነበር፤ እሱ ግን እንደ ማዕረግ ወሰደው። ጠባሳ ያለበት ስፒከር እጁ ሲገባ አገላብጦ ያየውና "ይሄ ስፒከር ነው ወይስ ሆዱ ተቀዶ የተሰፋ ሰው?" ይል ነበር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ የቀደደው ሰው እንዲሰማው።

ይህ ጆሮ እንዲሠራ ቤቱ ዝም ማለት ነበረበት። ምድር ቤቱ ስለሚንጫጫ የማጣበቁን ሥራ ቤቱ ወስዶ ምግብ ጠረጴዛው ላይ ይሠራል። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ነበር። እሱ ጣቶቹን ወረቀቱ ላይ ሲያሳርፍ "ዝም በሉ!" ይላል፤ የእሷም እግር ፔዳሉ ላይ እንዳለ ይቆማል። መርፌው ጨርቁ ውስጥ እንደተሰካ፣ እሱ ቀና እስኪል ትጠብቃለች። የተማሪዎች የደንብ ልብስ በሰዓቱ አልደርስ ሲላት ደንበኞቿ አንድ በአንድ ሸሹ። በመጨረሻ መኪናውን ሸጠችና በእጅ ጠርዝ መጠምዘዝ ብቻ ያዘች። መርፌ በእጅ ሲገፋ ድምፅ የለውም። ሴት ልጃቸው ደግሞ ሳሏን መዋጥ፣ በር ሲጥጥ ሳይል መዝጋት፣ ማንኪያው ብርጭቆውን ሳይነካ ሻይ ማማሰል ተምራ አደገች። አግብታ ከወጣች በኋላ እንኳ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ድምፅዋ ከደጃፉ ጀምሮ ይቀንሳል።

"እንዲህ የምታንሾካሽኪው የታመመ ሰው አለ እንዴ?" አላት ባሏ መጀመሪያ የመጣ ዕለት።

"የለም፤ አባዬ ይሠራል" አለችው።

የአይቀዴ ጆሮ መድከም የጀመረው ከቀጭኑ ድምፅ ነው። ወፍራሙ ድምፅ እንዳለ ቀረ፤ ቀጭኑ ጠፋ። መጀመሪያ የቁልፍ መንቀጫቀጭ፣ ቀጥሎ የማንቆርቆሪያው ፉጨት። ፉጨቱ ሲጠፋበት የተበላሸው ማንቆርቆሪያው መሰለው። አፉን ፈታው፣ በአልኮል ጠረገው፣ መልሶ ገጠመው፣ ውኃ ጣደ። ውኃው ፈልቶ እንፋሎቱ ጣሪያ ሲመታ ቆሞ አየው።

"አሁንም አይጮህም፤ ተበላሽቷል" አለ።

ሚስቱ ጆሮ የሚበሳውን ፉጨት እየሰማች ወደ ምድጃው ሄደች፤ እሳቱን አጠፋች። በዚያ ቤት ዝም አይነቅዝም።

ጡረታ የወጡት የሒሳብ መምህር የአይቀዴ የመጀመሪያ ደንበኛ ነበሩ ማለት ይቻላል። በቅርቡ ከአሮጌ ዕቃ ነጋዴ የገዙትን የእንጨት ሣጥን ያላቸው ጥንድ ስፒከሮች አምጥተውለት፣ የሁለቱንም ስፖንጅ ቀይሮ ሰጥቷቸው ነበር። ሳይቆዩ አንዱን ብቻ በብብታቸው ይዘው ተመለሱ።

"ወንድሜ፣ የግራው ይፋቃል መሰለኝ።"

"መሰለኝ ነው መምህር፣ ወይስ ይፋቃል?"

"ይፋቃል።"

አይቀዴ ስፒከሩን ከሣጥኑ አወጣ፤ ጣቶቹን አሳረፈ፤ ተጫነ፤ ለቀቀ። ምንም የለም። እንደዚያ ንጹሕ ጸጥታ ከሰማ ቆይቶ ነበር።

"ይኸው! ሐር ነው የሚመስለው።"

"እኔ እንኳ እዚህ ቆሜ ይሰማኛል።"

"ዕድሜ ነው መምህር፤ አይቆጡኝ። ሰው ሲያረጅ የሌለ ነገር ይሰማል።"

ፊት ለፊት ያለው ጠጋኝ ከሥራው ቀና አለ። በዕድሜ ከአይቀዴ በብዙ ያንሳል፤ የቆብ ቀዳጆች ሁሉ አለቃ ስለሆነ "ምላጭ" ይሉታል። "ጋሼ፣ እኔም እዚህ ተቀምጬ ይሰማኛል" አለ።

"አንተ ደግሞ ምን ሰማህ? በምላጭ እንጂ በጆሮ ሠርተህ ታውቃለህ?"

"ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። እኔ አላልኩም፤ የድሮ ሰዎች ናቸው ያሉት።"

መተላለፊያው ሳቀ። የሳቁት አይቀዴን ጠልተው አልነበረም፤ ጥሩ መልስ ስለነበረ ብቻ ነው። እሱ ግን ሳቁን የመለሰው ወደ መምህሩ ነው። "ድምፁን ያለ ልክ ከፍተው፣ ጥቅልሉን አቃጥለው ሲያበቁ 'የጠጋኙ ጥፋት ነው' ይላሉ። የሰለቸኝ ይሄ ነው!"

"ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤቴ የአልጋ ቁራኛ ናት" አሉ መምህሩ። "ከፍ አድርጌ አላውቅም። እዚህ ይቆይ፤ ረጋ ስትል እየው፤ ነገ እመለሳለሁ።" ስፒከሩን ትተውለት ደረጃውን ወጡ። አቧራው ወረደ።

አይቀዴ ያን ቀን ስፒከሩን ቤቱ ይዞ ገባ። ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ብዙ ጊዜ ተጫነው። ንጹሕ ነው። ግን ሁለት ሰው ይፋቃል ብሏል፤ አንደኛው ቀናተኛ ነው እንበል፣ መምህሩ ግን ውሸት አያውቁም። በትዳር ዘመናቸው ሁሉ ያላደረገውን አደረገ፤ ሚስቱን ጠራት።

"እስኪ ነይ ስሚልኝ።"

የምትጠመዝዘውን ጨርቅ አስቀምጣ መጣች። ጎንበስ አለች። እሱ እየተጫነና እየለቀቀ ፊቷን አየ። ፊቷ ምንም አልተናገረም። ከሚገባው በላይ ጥቂት ቆይታ ቀና አለች።

"ምንም የለውም" አለች።

ይህች ሴት ወጡን አምርራ "ጣፍጧል" የማትል፣ ልብሱ ሲያጥረው "አጥሮሃል" የምትል ናት። ስለዚህ አመናት። እንቅልፍ ጥሩ ወሰደው።

በማግስቱ ደረጃውን የወረደው ሌላ ሰው ሆኖ ነው። መምህሩ እስኪመጡ ጠበቀ። ከዚያ አግዳሚ ወንበር ጎትቶ መተላለፊያው መሀል አቆመ፣ ስፒከሩን አስቀመጠበት፣ ሁሉም እንዲሰማ ተጣራ።

"ምላጭ! ና፣ ቅደደው!"

"ምኑን ጋሼ?"

"ቆቡን። ሁላችሁም ኑና እዩ። ይህ ጥቅልል የተፋቀ ከሆነ ከእንግዲህ ጣቴ ስፒከር አይነካም። ካልተፋቀ ግን አንተ ሱቅህ ፊት ቆመህ 'ጆሮ የለኝም' ትላለህ።"

"ኧረ ተው ወንድሜ" አሉ መምህሩ። "ለአንድ ስፒከር ምን መሐላ ያስፈልጋል? እኔ እንደሆነ ትቼዋለሁ።"

"እርስዎ ይተዉ፤ እኔ አልተውም።"

"ጋሼ፣ ይቅርብን" አለ ምላጭ። ትናንት የቀለደው ሰው ዛሬ ፊቱ ላይ ቀልድ አልነበረም። "እኔ እኮ ለጨዋታ ነው ያልኩት።"

"ቅደድ አልኩህ!"

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ምላጭ ቆቡን ዙሪያውን በጥንቃቄ ቀደደ፤ እንደ ቆርኪ አነሳው። የስልኩን መብራት አብርቶ ለአይቀዴ ሰጠው፤ ራሱ ቀድሞ ለማየት አልፈለገም። አይቀዴ ጎንበስ አለ። የጥቅልሉ አንድ ጎን ቀለሙ ተልጦ መዳቡ ራቁቱን ያብረቀርቃል፤ ክፍተቱ አፍ ላይ እንደ በርበሬ የደቀቀ የመዳብ ብናኝ ተከምሯል። ዓይኑ ደህና ነበር፤ ሁሉንም አየ።

የሳቀ ሰው አልነበረም። ትናንት የሳቁት ዛሬ ሥራ እንዳለባቸው ትዝ አላቸው፤ ወደየሱቃቸው ገቡ። መምህሩ "ይስተካከላል፣ ምንም አይደል" አሉና ስፒከሩን ማን እንደሚያስተካክለው ሳይጠይቁ የምላጭ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት። አይቀዴ መዝጊያውን ዘግቶ ቁልፉን አዞረ። መቆለፉን ያወቀው በእጁ ነው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ አልጋው ላይ ልብስ ታጥፋለች። በሩ ላይ ቆመ።

"ትናንት ሲፋቅ ሰምተሽ ነበር?"

እጇ አልቆመም። "ሰምቻለሁ።"

"እና ለምን አልነገርሽኝም?"

"በዚህ ቤት ስፒከር ሲሞከር አፍ መክፈት የተፈቀደልን መቼ ነው?"

"ጠርቼሽ፣ ጠይቄሽ!"

"አንድ ቀን ጠየቅከኝ።" ያጠፈችውን ሸሚዝ ደረቱን በመዳፏ አለሰለሰች። "ደስ የሚልህን ነገርኩህ። ሂድ በሰው ፊት ማል አላልኩህም።"

የተናገረችው እውነት ነው። ሄዶ እንደሚምል ብታውቅ ኖሮ ምን ትል እንደነበር ግን ራሷም የምታውቀው አይመስልም። ሸሚዞቹን ቁም ሣጥን ውስጥ አስገብታ ራት ልታቀርብ ሄደች። በሉ። ሳህኖቹ አልተጋጩም።

ሱቁ ለጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ከረመ። መሐላ ግን እንጀራ አይሆንም። አይቀዴ አንድ ጠዋት ምላጭና የራጅ ፊልም ገዝቶ ደረጃውን ወረደ። መሐላውን ያስታወሰው ሰው የለም፤ ወይም ያስታወሱት ሁሉ እያዘኑለት ዝም አሉ፤ እሱን ያቃጠለው ይሄ ነው። አሁን እንደማንኛውም ጠጋኝ ይቀድዳል፣ ይሰካል፣ ይለጥፋል። ሥራው ከድሮው ይልቅ የታመነ ነው፤ ተመልሶ የመጣበት ስፒከር የለም። ስሙ ግን አልተቀየረም። ከሩቅ የመጣ ደንበኛ "አይቀዴ የሚባለው የትኛው ነው?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ደረጃው ሥር መነጽር አድርጎ ቆብ የሚቀድደውን ሰው ያሳዩታል። መምህሩ ወደ ምላጭ ሱቅ ሲያልፉ ሰላም ይሉታል። እሱም ብድግ ብሎ ሰላም ይላቸዋል። ስለ ስፒከር አያወሩም።

ቤቱ ቁም ሣጥኑ ላይ የሚኖሩ የራሱ ጥንድ ስፒከሮች ነበሩት። የእነሱም ስፖንጅ ጊዜው ደርሶ ረገፈ። አውርዶ ጠረጴዛው ላይ አሰለፋቸው። ምላጩና ፊልሙ ቦርሳው ውስጥ ነበሩ፤ አላወጣቸውም። አዲሶቹን ቀለበቶች አጣበቀ፤ አራት ጣቶቹን አሳረፈ፤ አንገቱን ሰበር አደረገ።

"ዝም በሉ!" አለ። ቤት ውስጥ ከሚስቱ በቀር ሰው አልነበረም።

ተጫነ፤ ለቀቀ። ቆቦቹ አንድም ጭረት ሳይነካቸው ሁለቱንም ቁም ሣጥኑ ላይ መለሳቸው፤ "ተቀመጠ" አለ። ማንንም አልጠየቀም።

አሁን ከሥራ ሲመለስ ሙዚቃ ይከፍታል። የቀኙ ስፒከር ወፍራም ድምፅ በመጣ ቁጥር ቆርቆሮ ላይ አሸዋ እንደሚጎተት ይፋቃል። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ በመዳፉ ጉልበቱን እየመታ ያዳምጣል። ሚስቱ መስኮቱ ሥር፣ ድሮ መኪናዋ በነበረበት ቦታ፣ ጠርዝ ትጠመዝዛለች፤ የሚሻክረውን ድምፅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የምትሰማው እሷ ናት።

አንድ እሑድ ልጃቸው መጣች። ሻይ ቀረበላት። ሙዚቃውን ጥቂት እንደሰማች ፊቷን አጨፈገገችና ወደ ቁም ሣጥኑ ቀና አለች።

"አባዬ፣ ይሄ ነገር እኮ..."

እናትየዋ ከመርፌዋ ቀና ሳትል ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ልጅቱም የጀመረችውን ዋጠችው፤ ማንኪያው ብርጭቆውን ሳይነካ ሻይዋን ማማሰል ቀጠለች።